ስም ጠሪና አቤት ባይ



አንድ ወታደር ከሩቅ ጦር ሜዳ በሕይወት ተመልሶ የአገሩን አፈር በረገጠ ጊዜ፣ ቤተ ዘመዱ በእልልታ ተቀብሎት፣ ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብሎት፣ የነፍስ አባቱም መስቀል አሳልሞት፣ ድግሱ ተበልቶና ተጠጥቶ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ ከሱ ጋር የሚያድሩት ያልተመለሱት ጓደኞቹ ናቸው። እነሱን በመጨረሻይቱ ሰዓት ያያቸው እሱ ነው፤ የተናገሩትን የሰማ፣ የወደቁበትን ኮረብታ ለይቶ የሚያውቅ፣ ምናልባትም ዐይናቸውን የከደነ እሱ ነውና፣ ማንም ሳይሾመው የሙታኑ መዝገብ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ይህን መዝገብ ልጣለው ቢል ክህደት ይመስለዋል፤ ለሌላ ላስረክበው ቢል ተረካቢ አያገኝም፤ ለሚስቱ ቢነግራት ታዝናለች፣ ለልጆቹ ቢያወራላቸው ተረት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደው ይሄዳል።

ስለ ጦርነት መታሰቢያ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ድልና ስለ ጀግንነት፣ ስለ አገር ክብርና ለመጪው ትውልድ ስለሚተላለፈው አደራ ነው፤ ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የማተኩረው ከሐውልቱ ሥር ባርኔጣውን አውልቆ በቆመው በዚያ በአንዱ ሽማግሌ ላይ ነው። እሱ እዚያ ቆሞ የሚያገኘው መጽናናት ከምን እንደሚመነጭ ብዙ ጊዜ ሳሰላስል ኖሬ፣ በመጨረሻ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ የወደቁት ጓደኞቹ ስም፣ እነሱን ባላየና ባላወቀ ሰው አንደበት ሲጠራ የሰማ ዘማች፣ ያን ጊዜ ብቻውን የተሸከመውን መዝገብ የሚረከበው ሰው እንዳገኘ ያውቃል።

አሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን የምታስበው በየስማቸው ነው። ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት ሲያደርስ አስቀድሞ የሟቹን ስመ ክርስትና ይጠይቃል፤ ሟቹ በዓለም ሳለ ደጃዝማችም ይሁን እረኛ በማዕርጉ አይጠራም፣ በጥምቀት ባገኘው ስሙ በእግዚአብሔር ፊት ይታሰባል እንጂ። አርባው ሲወጣ፣ መንፈቁ ሲደርስ፣ ሙት ዓመቱ ሲከበር ይኸው ስም እንደ ገና ይጠራል፤ ተዝካሩን የሚበላው ድኻ ሟቹን በዐይኑ አይቶት የማያውቅ ቢሆንም «ነፍስ ይማር» ሲል ስሙን በአፉ ያነሣል፣ በዚያች ቅጽበትም የሟቹ እናት ኀዘኗን ከማታውቀው ሰው ጋር ትካፈላለች። ሰው በሰው አገር ሞቶ አስከሬኑ ባልመጣ ጊዜስ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ ልብሱን፣ ጠመንጃውንና ፈረሱን በልቅሶው መካከል አቁመው፣ አልቃሿም ስሙን እየጠራች ግጥሙን ታወርደው ነበር። ሥጋው ሲታጣ የሚያዘው ስሙ ነበርና።

አሁን ወደ ተለየው ምሳሌዬ ልምጣ፤ እሱም ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በገሠገሠና የተባበሩት መንግሥታት ለአባሎቹ ሁሉ የርዳታ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ለመመለስ ያልዘገየችበት ምክንያት በቅርብ የሚታወቅ ነው። ከዚያ በፊት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ከመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተወረረች አገራቸውን አቤቱታ ሲያሰሙ፣ በቃል ኪዳን ከታሰሩት መንግሥታት መካከል በሰይፍ የረዳቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላ ትንሽ አገር በተወረረ ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደር ባሕር አቋርጦ መሄዱ፣ በጄኔቫ ያልተከፈለውን ዕዳ ሌላው ላይ እንዳይደገም መክፈል ነበር። ጦሩ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ፣ የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም በሆነው በ«ቃኘው» ተሰየመ፤ የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጕዞ ፑሳን ደረሰ። ከደጋማ አገር የወጣ፣ ከዚያ ቀን በፊት ባሕር አይቶ የማያውቅ ስንት ወጣት በዚያች መርከብ ላይ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ጦሩ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በ32ኛው ሬጂመንት ሥር ተሰልፎ፣ ሻለቃዎቹም እየተተካኩ፣ የተኩስ ማቆም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. እስከ ተፈረመበት ድረስ በበረዶና በጭቃ ውስጥ ተዋጋ። በጠቅላላው የተሰለፈው ከ6,000 ይበልጥ ነበር፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይም ቈሰሉ። ነገር ግን ከቍጥሩ ሁሉ እኔን የሚመስጠኝ ዜሮ የሆነው ቍጥር ነው፤ ከቃኘው ወታደር አንድም ስንኳ ለጠላት አልተማረከም። አሜሪካዊው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ በጻፈው መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ቅኝት ሲያነሣ፣ ቈስሎ የወደቀውንም የሞተውንም በጠላት መሬት ላይ ትተው እንዳልተመለሱ በአድናቆት መስክሯል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በልባችሁ ዐስቡት፤ በጨለማ፣ በእሳት መካከል፣ የጓደኛን ሬሳ በጀርባ አዝሎ ወደ ኮረብታው መውጣት ማለት ነው፤ ሲነጋም ሰልፍ ቆሞ ስም ሲጠራ፣ ሕያው «አቤት» ይላል፣ ስለ ሙቱም አዛዡ የት እንዳለ ያውቃል። በኋላም በፑሳን የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዐርፈው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ዐፅማቸው ሁሉ ወደ አገራቸው ተመለሰ። ከሄዱት መካከል በስም የማይታወቅ፣ የት እንደ ቀረ የማይነገርለት ሰው እንዳይኖር ይህን ያህል የተጨነቀ ጦር ነበር።

እንዲህ ሰዎቹን በየስማቸው ቈጥሮ የተመለሰ ጦር፣ ከዓመታት በኋላ በገዛ አገሩ ስሙ የማይነሣ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ነበርና፣ ሰሜን ኮሪያን ተዋግቶ የመጣ ሰው ሜዳዩን በሣጥን ውስጥ ደብቆ፣ ታሪኩንም በሆዱ ይዞ መኖር ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮሪያ ሰፈር» የሚለው የሰፈር ስም ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። ስለዚያ ዘመን ድኽነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሌላው ችግራቸው ነው። ሰው ጓደኛው ለምን እንደ ሞተ የሚመልስለትን ምክንያት መንግሥት አንሥቶ ሲወስድበት፣ ያ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀብራል፤ የመጀመሪያው ቀብር በጦር ሜዳ፣ ሁለተኛው በልቡ ነው፣ በሁለተኛውም ላይ አስተዛዛኝ አይመጣለትም።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ስማቸውን የጠበቀላቸው ሩቅ አገር ነበር። ከሴኡል በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቹንቾን ከተማ፣ ኢትዮጵያውያኑ በተዋጉበት በጋንግዎን ምድር፣ በውኃ ዳር የቆመ የመታሰቢያ ሐውልት አለ፤ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ኮሪያን በጐበኙ ጊዜ የተመረቀ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም ከሐውልቱ ፊት ለፊት የኢትዮጵያን ቡና የሚያፈላ ቤት ተከፈተ፣ እስከ ዘመናችንም ዘለቀ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ ቤት የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ በአጠገቡ ተሠራ። እንግዲህ እዚህ ሜዳዩን የደበቀው ሰው እዚያ ሐውልት ነበረው።

ኮሪያውያን የቀድሞ ዘማቾችን እየጋበዙ አገራቸውን እንደ ገና የሚያሳዩበት ልማድ አላቸው፤ ከኢትዮጵያውያኑም የተጋበዙ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ኮሪያ የፈረሰ ድልድይ፣ የተቃጠለ ሣር ቤት፣ በመንገድ ዳር የሚያለቅስ ሕፃን ነው፤ የቃኘው ወታደሮችም ለወላጅ አልባ ሕፃናት በዶንግዱቾን ማሳደጊያ ከፍተው ከደመወዛቸው ይመግቡ እንደ ነበር ይታወቃል። ያ ዘማች በሽምግልናው ተመልሶ በዚያው ሥፍራ ሰማይ የሚነካ ከተማ፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪና የሞላ ገበያ ሲያይ፣ ሃምሳ ዓመት ሲጠይቀው ለኖረው ጥያቄ መልስ ያገኛል። በቹንቾን የሚገኘው ጸጋ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጓደኛዬ የሞተው በከንቱ አይደለም ማለት መቻል። ይህ ግን የአእምሮ ዕረፍት ነው፤ ልብ ገና የሚሻው ነገር አለው፣ እሱም የሚገኘው በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ወገኑ መካከል ነው።

ይህን የተረዳሁት በአዲስ አበባ በአፍንጮ በር በሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሥፍራ ካየሁት አንድ ነገር ነው። ከቀትር በፊት ነበር፣ በዓልም አልነበረም። በዕድሜ የጐበጡ አንድ አዛውንት፣ ሰማያዊና ነጭ መሥመር ያለበትን የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ በኮታቸው ደረት ላይ አድርገው፣ በግራ እጃቸው ከዘራ፣ በቀኝ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው መጡ። ዐይናቸው ደክሞ ኖሮ በድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና፣ «አይ፣ አልችለውም፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ከነማዕርጋቸው» አሉት። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እየተንተባተበ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ስም እንደ ጠራ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ጐን አጣብቀው፣ ወገባቸውን የቻሉትን ያህል አቅንተው «አቤት» አሉ። ልጁ ደንግጦ ቀና ብሎ አያቸው፤ «ቀጥል» አሉት። ሁለተኛውን ጠራ፣ «አቤት» አሉ፤ ሦስተኛውን ጠራ፣ «አቤት» አሉ። በአንዱ ስም ላይ ብቻ መልሱ ዘገየ፤ ልጁ የተሳሳተ መስሎት ስሙን ደገመው፤ ሽማግሌው በዝግታ «እሱ እንኳ ሰው ሲጠራው ዘግይቶ መመለስ ልማዱ ነበር» አሉና ፈገግ ብለው፣ ከዚያም «አቤት» አሉለት። ሲጨርሱ ልጁ «አባባ፣ ሁሉንም ያውቋቸዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሁሉን አላውቅም፤ የኔ ሻለቃ ያልሆኑ አሉበት» አሉት፤ «ቢሆንም ሲጠሩ ዝም አይባልም»።

እኒህን አባት ሄጄ አላነጋገርኋቸውም፣ የሚገባም አልመሰለኝም። ነገር ግን በመጡና በሄዱ ጊዜ መካከል ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልዩነት ልረሳው አልቻልሁም። ለብዙ ዘመን ያን ስም ዝርዝር በሌሊት የሚጠሩትም ለእያንዳንዱም የሚመልሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግን ጠሪው ሌላ ሆነ። የሕፃን ድምፅ፣ እየተሳሳተ ቢሆንም፣ ከሥራቸው ግማሹን ወሰደላቸው።

ይህ በእኛ ብቻ የሚታይ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከናንተ መካከል ዋሽንግተን ከተማ የኖራችሁ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ብዙዎች የምታውቁትን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ላንሣ። ይህን መታሰቢያ የጀመረው ጃን ስክረግስ የሚባል ተራ ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቬትናም ቈስሏል፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጥይት ሲያራግፉ የነበሩ አሥራ ሁለት ጓደኞቹ በፍንዳታ ሲሞቱ ደርሶባቸዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 መጋቢት ወር፣ ስለዚያ ጦርነት የተሠራ ፊልም አይቶ እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር፣ የእነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ፊት ተመልሶ መጣበት፤ ሲነጋም ለሚስቱ የሞቱት ሁሉ ስም የሚጻፍበት መታሰቢያ አሠራለሁ ብሎ ነገራት። የመጀመሪያው የገንዘብ ጥሪ ያመጣለት 144 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር፣ በቴሌቪዥንም ተሣቀበት፤ እሱ ግን አልተመለሰም፣ በኋላም ከሕዝብ በተዋጣ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ገንዘብ ሥራው ተፈጸመ።

ንድፉ ለውድድር ቀርቦ ከ1,421 ንድፎች መካከል የተመረጠው ማያ ሊን የተባለች የ21 ዓመት ተማሪ የሠራችው ነው፤ ይኸውም ወደ ምድር የገባ፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ የጥቍር ድንጋይ ግድግዳ ሲሆን፣ በላዩ ከ58,000 የሚበልጥ ስም ተቀርጿል። ስለ ጥቍረቱና ወደ መሬት ስለ መውረዱ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፣ ያን ልተወው፤ ለዘማቹ የሚጠቅመው ሥራ የስሞቹ አደራደር ነው። ንድፍ ሠሪዋ ስሞቹ በፊደል ተራ እንዳይጻፉ፣ እያንዳንዱ በሞተበት ቀን ተራ እንዲገባ አድርጋለች። በፊደል ተራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ኮረብታ ላይ በአንድ ሰዓት የወደቁት አምስት ጓደኛሞች በአምስት ቦታ ተበታትነው፣ ምንም ከማይተዋወቁ ሞክሼዎቻቸው ጋር በተሰለፉ ነበር። አሁን ግን ዘማቹ ያን ቀን ፈልጎ ሲያገኝ ጓዶቹን ሁሉ በአንድነት ያገኛቸዋል፣ የሞቱበትም ቀን እንዳለ በፊቱ ይቆማል፤ ድንጋዩም የራሱን ፊት ከስማቸው ጋር ያሳየዋል። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምልክት አለ፤ የጠፋ ሰው ስም የመስቀል ምልክት ይዞ ይቆያል፣ ዐፅሙ በተገኘ ጊዜ ምልክቱ ወደ ሞተ ሰው ምልክት ይለወጣል። ከሰው እጅ ከወጡ መታሰቢያዎች ሁሉ ለተራው ወታደር ልብ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገር ግን የምጠይቃችሁ ከምረቃው በፊት በተደረገው ላይ እንድታስተውሉ ነው። ግድግዳው ኅዳር 4 ቀን 1975 ዓ.ም. ከመመረቁ አስቀድሞ፣ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ውስጥ፣ ቀንም ሌሊትም እየተፈራረቁ፣ የሞቱት ሰዎች ስም በሙሉ አንድ በአንድ ተነበበ፤ 56 ሰዓት ፈጀ። ያ ሕዝብ ከጦርነቱ የተመለሱ ልጆቹን ለዓመታት አላመሰገነም፣ አንዳንዶቹንም አዋርዷል፤ እርቅ ለማድረግ በፈለገ ጊዜ ግን መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ስም ጠራ። ዘማቾቹም ከየአገሩ መጥተው፣ አንዳንዱ በመንኰራኵር ወንበር፣ አንዳንዱ በክራንች፣ የሚያውቁት ስም እስኪጠራ በሌሊት ተቀምጠው ጠበቁ።

ሁሉም ዘማች በሐውልት ሥር ይጽናናል ለማለት አልደፍርም። ወደዚያ መሄድ ቁስሉን የሚቀሰቅስበት፣ ከበሩ ደርሶ የሚመለስ አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማስገደድ ግፍ ነው። ከሌሎቹም ብዙዎች ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን መምጣትን አይወዱም። እውነቱን ለመናገር፣ በመታሰቢያ በዓሎቻችን ላይ አብዛኛው ሰዓት ለአበባ ጕንጕንና ለእንግዶች ንግግር ይውላል፤ ሽማግሌዎቹ በፀሓይ ተቀምጠው ስለ «ጀግኖቻችን» በጥቅሉ ሲነገር ይሰማሉ፣ የአንድም ጀግና ስም ግን ሳይጠራ በዓሉ ይበተናል። በሚያዝያ 27 አራት ኪሎ በአርበኞቹ ፊት፣ በየካቲት 12ም ስድስት ኪሎ በሰማዕታቱ ሐውልት ዙሪያ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ስም ሁሉ ተሰብስቦ የተጻፈ አይደለምና ያኛው ሐዘናችን ሌላ ነው፤ የኮሪያ ዘማቾቻችን ስም ግን በእጃችን አለ፣ በድንጋይ ላይም ተጽፏል።

ስለዚህ ወደዚህ አዳራሽ ይዤው የመጣሁት አሳብ ለሥራ የቀረበ ነው። በአፍንጮ በር በሚከበረው ዓመታዊ መታሰቢያ ላይ፣ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት፣ የወደቁት ሰዎች ስም ከነማዕርጋቸው በተማሪዎች አንደበት ይነበብ፤ ዘማቾቹና የዘማቾቹ ልጆች ደግሞ በእያንዳንዱ ስም «አቤት» እያሉ ይመልሱ። ከ120 የሚበልጥ ስም ቀስ ተብሎ ቢነበብ አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከኮሪያ ከተመለሱት ብዙዎቹ ዐርፈዋል፣ የቀሩትም ዛሬ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሥራው በእነሱ ዘመን ካልተጀመረ ለማን እንደሚጀመር አላውቅም። እስካሁን ሁለት ተማሪዎች ለማንበብ ተስማምተውልኛል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገን ልጆቹን የሚያለማምዱ መምህራን ናቸው፣ ስሞቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ስለሆኑ ሲነበቡ እንዳይበላሹ ጥንቃቄ ይፈልጋሉና። ከእናንተ መካከል ፈቃደኛ የሆናችሁ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ደብተር ስማችሁንና የትምህርት ቤታችሁን ስም እንድትጽፉልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።